ምርቃት ለቃሚዋ እናቴ

እናቴ እግዚአብሔርን ትወደው ነበር ወይስ ትፈራው ነበር? ይህን ጥያቄ ከልጅነቴ ጀምሮ ይዤው ኖሬ እስካሁን መልስ አላገኘሁለትም። ጥያቄው ደግሞ ብቻውን አይመጣም፤ ድምፅ ይቀድመዋል። የትም ልሁን የት፣ አንድ ሰው የሞቀ ውሃ ወደ ሰፊ ዕቃ ቀስ አድርጎ ሲያንቆረቁር ከሰማሁ ወደ ላሊበላ፣ ቁልቁለቱ ላይ ወደነበረው ክብ የድንጋይ ቤታችን ደጃፍ እመለሳለሁ፤ ወሩ ታኅሣሥ ነው፣ ቁሩ ጣት ይቆርጣል፣ እናቴም ጉልበቷን መሬት ላይ ተክላ፣ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አሥራ፣ ከእንጨት በተጠረበው ገበቴ ውስጥ የማታውቀውን ሰው እግር ታጥባለች።

ገና ሲቃረብ ከተማችን የእኛ መሆኗ ይቀር ነበር። ከወገል ጤና፣ ከዋድላ፣ ከመቄት የተነሱ ተሳላሚዎች ቀናት በእግራቸው ተጉዘው፣ በጋሸና በኩል እየጎረፉ ይወርዱና፣ ነጠላቸው አቧራ ጠጥቶ፣ ተረከዛቸው እንደ ደረቀ ማሳ ተሰነጣጥቆ በየደጁ ይደርሱ ነበር። እንግዳን ቤት ማስገባት ወግ ነው፤ የተሳላሚን እግር ማጠብ ግን ከወግም በላይ ነበር፤ ያጠበ ሰው የመንገዱን ድካም በረከት ይካፈላል፣ የታጠበውም ሳይመርቅ አይነሳም። የቀበሌው ካድሬ በየስብሰባው «ይህ የአሮጌው ሥርዓት ቅሪት ነው» እያለ ቢያወግዝም፣ የራሱ እናት ጎህ ሳይቀድ ገበቴዋን ይዛ ወጥታ ትታይ ነበር። ሌላው ሰው በሩ ላይ ቆሞ «ግቡ፣ እረፉ» ሲል፣ እናቴ ግን እስከ ዋናው መንገድ ወርዳ፣ መንገደኞቹን በነጠላቸው ጫፍ እየጎተተች ታመጣቸው ነበር።

«ኧረ ባዩሽ፣ ለእኛም አንድ ሁለት እግር ተይልን!» ትላት ነበር ጎረቤታችን እትዬ አስካለ፣ ከአጥሩ ማዶ ሆና እየሳቀች።

«እናንተማ ሞልቶላችኋል፤ ባዶዋ እኔ ነኝ» ትላለች እናቴ ቀና ሳትል።

የምሯን ነበር። እናቴ ደግ ሴት አልነበረችም፤ ይህን የምለው ላዋርዳት ብዬ አይደለም፣ እሷም ራሷ ትለው ስለነበረ ነው። ጠላ ጠምቃ ትሸጥ ነበር፤ ስትለካ አውራ ጣቷን ጣሳው ውስጥ ትነክርና የጣቷን ያህል ጠላ ለራሷ ታስቀር ነበር። ምላሷ ይቆርጣል፤ እሷ በተናገረችው አንድ ቃል ሰው ወር ሙሉ ሲብሰለሰል አይቻለሁ። ከተጣላች አትታረቅም፣ ብትታረቅም አትረሳም። ይህን ሁሉ ታውቀዋለች፤ አውቃም «እኔ በሥራዬ መንግሥተ ሰማያት እንደማልገባ አላጣሁትም፤ በሰው ምርቃት ነው የምገባ» ትል ነበር።

አባታችን ለሰሊጥ አጨዳ ወደ ቆላ ወርዶ በንዳድ ሞቶ ቀርቷል። ከወንድሜ ከደሳለ በፊት፣ በእሱና በእኔ መካከልም የተወለዱት ሁሉ ሳያድጉ ተቀብረዋል። የያዘችው ሁሉ ከእጇ የሚያመልጥ ሴት ነበረችና፣ በረከት ለእሷ የቤተ ክርስቲያን ቃል ብቻ አልነበረም፤ በረከት ማለት የሚቆይ ነገር ማለት ነበር። ተሳላሚው እግሩን እያስታጠበ «ልጆችሽን ለወግ ለማዕረግ ያብቃልሽ፣ ከቤትሽ አይጉደል፣ ክፉ ዓይን አይይሽ» ባለ ቁጥር፣ የቀሚሷን ጫፍ ዘርግታ፣ እህል እንደሚሰፈርላት ሴት «አሜን፣ አሜን» እያለች ትቀበለው ነበር። ሲጨርስ ደግሞ ቀሚሷን ሰብስባ ወደ ቤት ትገባና፣ ጎታው ላይ ታራግፈው ነበር። እኔ ትንሽ ልጅ ሆኜ ከቀሚሷ የሚወድቀውን ለማየት ተጠግቼ አውቃለሁ።

እትዬ አስካለ የእናቴ ተቃራኒ ነበረች። እሷም ባሏ ሞቶባታል፣ ያላትም አንድ ልጅ፣ ሲሳይ ብቻ ነበር፤ ግን ከአፏ ክፉ ቃል ወጥቶ አይታወቅም፣ ዶሮ እንኳ ስታባርር «ሂጅልኝ እናቴ» እያለች ነበር። ሲሳይና ደሳለ እኩያሞች ናቸው፤ ገና ጨዋታ ላይ ባንድ ቡድን ይሰለፋሉ፣ አንዱ የበላበት ቤት ሌላው ሳይበላ አይወጣም። ሲሳይ ከወይራ እንጨት ሚዶ እየጠረበ ይሸጥ ስለነበር ለእኔም አንድ ሠርቶልኝ ነበር፤ እናቴ ጸጉሬን በእሱ ስታበጥረኝ አሞኝ የጮኽኩ እንደሆነ «እኔን ምን አድርጊ ትይኛለሽ፣ ሲሳይን ስደቢው» ትለኝ ነበር፤ እሱም ከአጥሩ ማዶ ሰምቶ «እማዋይሽ፣ ራስሽ ነው የጠበበው፣ ሚዶው ምን አደረገ!» ይለኝ ነበር።

ከዚያ አንድ ክረምት ቀረ። ደመናው አሸተን ተራራ ጫፍ ላይ ይሰበሰብና ሳያካፋ ይበተን ነበር፤ ነሐሴ አቧራ ሆኖ አለፈ፣ መስከረምም አበባ ሳያሳይ መጣ። በየቤቱ የቆሙት ጎታዎች፣ ከጭቃና ከጭድ የተሠሩት ከሰው ቁመት የሚስተካከሉት የእህል ማኖሪያዎች፣ አንድ በአንድ ባዶ ሆኑ። በዚያ ዓመት ሰው እንዴት እንደረገፈ እኔ አልተርክም፤ የተረኩት አሉ። እኔ የምናገረው ጎታው ባዶ ስለሆነ የመጣውን ነው።

በተከታዩ ግንቦት፣ ፀሐዩ ድንጋዩን በሚሰነጥቅበት ጊዜ፣ ለብሔራዊ ውትድርና ልጆች ይለቀሙ ጀመር። እናቶች ልጆቻቸውን መጀመሪያ ወደ ዋሻና ወደ ገደል ላኳቸው፤ አብዮት ጠባቂዎቹ ዋሻውን ሁሉ ማሰስ ሲጀምሩ ግን ወደ ቤት መልሰው ባዶው ጎታ ውስጥ ከተቷቸው። ስንዴና ገብስ በነበረበት ቦታ ልጅ ተቀመጠበት። ሲሳይ የእናቱ ጎታ ውስጥ ነበር፤ እኛ ቤት ያለን ሰዎች እናውቅ ነበር፣ ቀን ቀን ክዳኑን አንስቼ ቆሎ የማቀብለው እኔ ነበርኩ። ደሳለ ግን ጠባብ ቦታ ያፍነው ስለነበር ጎታ አልገባም ብሎ የድንጋይ ቤታችን ፎቅ ላይ፣ የእንስሳቱ ጭድ ሥር ሲተኛ ነበር የሰነበተው፤ እዚያው አገኙት።

እጁን የፊጥኝ አሥረው፣ ፊቱን ወደ ድንጋዩ ግድግዳ አዙረው ደጅ አቆሙት። የአብዮት ጠባቂዎቹ አለቃ ጓድ አያሌው ከእናቴ ጠላ የማይጠፋ ሰው ነበር፤ ያን ቀን ግን ውሃ ብቻ ለምኖ ገባ።

«ባዩሽ፣ እኔን አትርገሚኝ። ከዚህ ቁልቁለት አንድ ልጅ ይዘህ ና ተብያለሁ። ሳልይዝ ብመለስ መኪናው ላይ የምወጣው እኔው ራሴ ነኝ።»

«ብትወጣስ ምን ይጎድላል? ጠመንጃው እንደሆነ ከትከሻህ ወርዶ አያውቅ! የሙት ልጅ ለማሠር ያልከበደህ ጦር ሜዳ ይከብድሃል?»

«ተናገሪ፣ ተናገሪ። ዛሬ ተፈቅዶልሻል።»

«እኔ ባልፈቅድልህ ኖሮ ይሄን ሁሉ ዓመት ጠላዬን እየጋትክ አትወፍርም ነበር!»

እንዲህ ስትለው ቆይታ በድንገት ዝም አለች። እናቴ በንግግር መካከል ዝም ስትል ያን ቀን ነው ያየሁት። ውሃ በጣሳ ቀድታ ሰጠችው፣ ከዚያ ጀርባዋን የእኛው ጎታ ላይ አስደገፈች፣ እጇንም ወደ ኋላ መልሳ በጣቷ አንጓ ባዶውን ጎታ ሁለት ጊዜ መታችው። ድምፁ ከውስጥ ሲያስተጋባ ተሰማኝ። ጓድ አያሌው ጣሳውን ከአፉ ሳይለይ ዓይኑን አነሳ። እናቴም አገጯን ብቻ ወደ እትዬ አስካለ አጥር ቀና አደረገች። አንድም ቃል አልወጣትም። እሱም ውሃውን ጨርሶ ጠጣ፣ ጣሳውን መለሰላት፣ ወጣ። ቤት ውስጥ ከሁለቱ ሌላ እኔ ብቻ ነበርኩ፤ እናቴ ዞራ ስታየኝ እኔም አየኋት፣ ከዚያ በኋላ ስለዚያ ነገር በሕይወታችን አንድ ቀን አልተነጋገርንም።

የእትዬ አስካለ ጩኸት ወዲያው ተሰማ። ገመዱ አንድ ብቻ ስለነበር ከደሳለ እጅ ፈትተው ነው ሲሳይን ያሠሩበት። እትዬ አስካለ ዳገቱን በደረቷ እየተሳበች ስትከተላቸው፣ እናቴ ሮጣ ደርሳ አቀፈቻት፣ አብራትም መሬት ላይ ወደቀች፣ ደረቷን እየደቃች አለቀሰች። ያ ልቅሶ የውሸት አልነበረም። እኔ ቆሜ አይቼዋለሁ፤ የውሸት ቢሆን ኖሮ ጥያቄዬ ያኔውኑ ተመልሶልኝ ነበር።

ያን ክረምት ዝናቡ መጣ፣ ሰዉም ተበድሮም ለምኖም ዘር አገኘና ዘራ። እናቴ ግን በዚያ ክረምት የዘራችው እኔን ነበር ብል ውሸት አይሆንብኝም። አንድ ጠዋት ነጠላ አልብሳኝ፣ እጄን ይዛ እትዬ አስካለ ደጅ ወሰደችኝና «ይቺን ልጅ እንቺ። ውሃ ትቅዳልሽ፣ እንጨት ትልቀምልሽ፣ ካንቺ ጋር ትዋል። ቤትሽ ሰው አይጣ» አለቻት። እትዬ አስካለ የእናቴን ጉልበት ልትስም ጎንበስ ስትል እናቴ እሳት እንደነካት ወደ ኋላ ዘለለች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጠዋት ጠዋት እንስራ አዝዬ ምንጭ እወርድላታለሁ፣ እመጣለሁ፣ እጠርግላታለሁ፣ ሽሮዋን እፈጭላታለሁ፤ እኩዮቼ ደብተር ይዘው በደጃፋችን ሲያልፉ የእኔ ደብተር የእትዬ አስካለ ደጅ ነበር።

እትዬ አስካለም ማታ ማታ ስትሸኘኝ እጇን ራሴ ላይ ጭና ትመርቀኝ ነበር። ወሎ ምርቃት አያልቅበትም ይባላል፤ እሷ ግን ከወሎም ትለይ ነበር፤ የትናንቱን ቃል ዛሬ አትደግመውም። እኔን ትመርቅና ወደ እናቴ ታልፋለች፦ «የባዩሽን ዓይን ከልጆቿ ላይ አይንቀልባት። እኔን በጨለማዬ እንዳየችኝ እሷን በብርሃን ያቆያት። ልጇን የሸሸገላት ጌታ እስከ መጨረሻው ይሸሽግላት።» እኔ ይህን ሁሉ ይዤ አጥሩን ዞሬ ቤት ስደርስ፣ እናቴ ምድጃው ዳር ተቀምጣ ትጠብቀኛለች።

«ምን ብላ መረቀችሽ?»

እነግራታለሁ። አንድ ቃል ካጎደልኩ ታውቅብኛለች፤ «እንዲህ አትልም አስካለ፤ እህ፣ ከዚያስ?» ትለኛለች። ቃል በቃል ሰው የሚለውን መያዝ የለመድኩት ያኔ ነው፤ ዛሬ ሰዎች ንባብሽ ደህና ነው፣ ማስታወስሽም ለጉድ ነው ሲሉኝ ከየት እንደመጣ አልነግራቸውም። እያንዳንዱን ምርቃት በነገርኳት ቁጥር ቀሚሷን ዘርግታ «አሜን» ትላለች። ጎታው ላይ ማራገፉን ግን ከግንቦት ወዲህ ትታው ነበር፤ እቅፏ ውስጥ አጥፋ ይዛው ትቀመጣለች።

አንድ ማታ ከእሷ ጋር ተኮራርፌ ነበር፤ ያን ሰሞን ትምህርት ቤት መመዝገቢያ ነበርና ላኪኝ ብያት «አስካለን ማን ውሃ ሊቀዳላት?» ብላኝ ነበር። ስገባ እንደ ልማዷ «ምን ብላ መረቀችሽ?» አለችኝ። «ዛሬ አልመረቀችም» አልኳት። መርቃ ነበር። እናቴ ወጡን ከምድጃው አወረደችና ሳታቀርበው ተወችው። «ፊቷ እንዴት ነበር? ሰው መጥቶ ነበር? የነገራት ሰው አለ?» እያለች ሦስት አራት ጊዜ ጠየቀችኝ፣ ጎኗን ወደ ግድግዳ ሰጥታ ተቀመጠች። አይቼ ሳልጨርስ አዘንኩላት፤ «አይ፣ ረስቼ ነው» ብዬ የዕለቱን ምርቃት ነገርኳት። ለመጀመሪያ ጊዜ በእናቴ ላይ ሥልጣን እንዳለኝ ያወቅሁት ያኔ ነው፤ ዳግመኛ ግን አልሞከርኩትም።

ሌላም ነገር አስተውል ነበር። ከዚያ ግንቦት በፊት እናቴ ቄስ ባገኘች ቁጥር እንደ ሰዉ ሁሉ ጎንበስ ብላ መስቀል ተሳልማ «ይፍቱኝ አባቴ» ትል ነበር። ከዚያ በኋላ ግን ያ ቃል ከአፏ ጠፋ። «ይባርኩኝ» ብቻ ሆነ። የንስሐ አባታችን ቤት ሲመጡ እግራቸውን ታጥባለች፣ ያለውን ታቀርባለች፣ ስለ ጣቷና ስለ ጣሳው እየሳቀች ትናዘዛለች፣ ሊሄዱ ሲነሱ «ይባርኩኝ» ትላለች። መፈታት የሚገኘው በነገሩት ኃጢአት ብቻ ነው፤ መባረክ ግን ሳይናገሩም ይገኛል ብላ ይመስለኛል። በጓሮ በር ለመግባት የምትሞክር ሴት ነበረች።

የሚቀጥለው ገና መጣ። የዚያን ዓመት ተሳላሚው ብዙ ነበር፣ ከሞት የተረፈ ሁሉ ለምስጋና ወጥቶ ነበርና። እናቴ ገበቴዋን ከደጃፋችን አንስታ መንገዱ ዳር አውጥታ፣ እኔ ውሃ እያሞቅሁ እያቀረብኩላት፣ እጇ እስኪላላጥ ታጥብ ነበር። በበዓሉ ዋዜማ ከነአኩቶ ለአብ ገዳም በኩል አንድ ሸምገል ያሉ መነኩሴ መጡ፤ መቋሚያቸውን ተመርኩዘው፣ አንድ እግራቸውን እያነከሱ። እናቴ ከሩቅ አይታቸው ሮጣ ሄዳ በትህትና ደግፋ አመጣቻቸው። ቀኝ እግራቸውን አጥባ፣ ስማ፣ በነጠላዋ አድርቃ ቀና አለችና «ይባርኩኝ አባቴ» አለች።

«እግዚአብሔር ይፍታሽ ልጄ።»

«አይ፣ አባቴ። ይባርኩኝ ነው ያልኩዎት።»

ሰውየው ዝቅ ብለው አዩዋት። «ነፍስ አባት የለሽም?»

«አሉኝ።»

«የነገርሻቸው ነገር አለ?»

«ብዙ ነግሬያቸዋለሁ።»

«ያልነገርሻቸውስ?»

እናቴ ግራ እግራቸውን ልትይዝ እጇን ሰደደች። እሳቸው ግን እግራቸውን ሳብ አደረጉ። «ልጄ፣ ቁስል ሸፍነሽ ቅባት ብትቀቢ የሚወዛው ጨርቁ ነው» አሉና መቋሚያቸውን ይዘው ተነሱ፤ አንድ እግራቸው ታጥቦ፣ አንድ እግራቸው ከነአቧራው።

እናቴ ጥቂት ተንበርክካ ቆየች። ከዚያ ገበቴውን ገልብጣ ብድግ አለችና በባዶ እግሯ ቁልቁለቱን ተከተለቻቸው፤ ደርሳባቸው ከፊታቸው ተደፋች፣ ያልታጠበውን እግራቸውን በሁለት እጇ ጨብጣ ያዘችው። «ሳይባርኩኝ አይሄዱም! ይርገጡኝ እንጂ አይሄዱም!» ትል ነበር። ሰው ተሰበሰበ። አንዱ ጎረምሳ «ባዩሽ ዛሬ መነኩሴ ማረከች!» ብሎ አሳቀ። እትዬ አስካለ ሰዉን ገፍታ መጥታ «አባቴ፣ ይባርኳት እባክዎ! ለእኔ ምን ያልሆነችልኝ አለ፤ ልጄን ቢወስዱብኝ ልጇን የሰጠችኝ ሴት ናት» እያለች እሷም ከእናቴ አጠገብ ተንበረከከች። እኔ የሞቀውን ውሃ እንደያዝኩ ቆሜ ነበር። መነኩሴው ሁለቱን ሴቶች ተራ በተራ አዩና የእጅ መስቀላቸውን አውጥተው እናቴ ራስ ላይ አኖሩና «እግዚአብሔር ልጆችሽን ያኑርልሽ፤ ላንቺም የምትናገሪበትን ቀን ይስጥሽ» አሏት።

እናቴ ያን ምርቃት እስክትሞት ድረስ ለሰው ስትናገር ኖራለች። የምትናገረው ግን የፊተኛውን ግማሽ ብቻ ነበር።

ዓመታቱ በዚሁ ሄዱ። መሠረተ ትምህርት ሲመጣ እትዬ አስካለን ላግዛት ተብዬ አብሬያት ተቀመጥኩና ፊደል ለየሁ፤ እሷ ስሟን መጻፍ ስትማር እኔ ያገኘሁትን ብጣሽ ወረቀት ሁሉ ማንበብ ጀመርኩ። አንደኛ ክፍል የገባሁት ጡት ካጎጠጎጥኩ በኋላ ነው፤ ትንንሾቹ ልጆች «እማማ» እያሉ ይጠሩኝ ነበር። መንግሥት ሲለወጥ የተበተነው ወታደር እግሩ ተሰነጣጥቆ፣ ጨርቁ አልቆ በጋሸና መንገድ ሲመለስ፣ እትዬ አስካለ ሄዳ መንገድ ዳር ተቀምጣ የእያንዳንዱን ፊት ታይ ነበር። እናቴም ውሃና ቆሎ ይዛላት ትሄድ ነበር፤ ሁለቱ ጎን ለጎን ተቀምጠው መንገዱን ያዩ ነበር። እናቴ ያኔ ሲሳይ እንዲመጣ ትጸልይ ነበር ወይስ እንዳይመጣ? ይህንንም አላውቅም። ሲሳይ አልመጣም፤ መርዶም አልመጣም።

ደሳለ ግን ኖረ። መጀመሪያ ወልድያ ሄዶ የመኪና ረዳት ሆነ፣ ከዚያ ሾፌር፣ ከዚያ ተመልሶ ላሊበላ ሆቴል ሠራ። ስድስት ልጆች አሉት፣ አንዱም አልሞተበትም። «ያለሁት በእናቴ ምርቃት ነው» ይላል ሰው በጠየቀው ቁጥር፤ ያን ቀን ፊቱ ወደ ግድግዳ ነበርና ከዚህ ሌላ የሚያውቀው የለም። ዛሬ በገና ሰሞን ሆቴሉ ደጃፍ ላይ የፕላስቲክ ሳፋ አስደርድሮ በሠራተኞቹ የተሳላሚ እግር ያሳጥባል፤ ውሃው ከቧንቧ ሙቅ ሆኖ ይመጣል፣ ፈረንጆች ፎቶ ያነሳሉ፣ ተሳላሚውም ስልኩን እየነካካ ይመርቃል። ያኔ እናቴ ለአንዲት ምርቃት የሰው እግር ልትይዝ ቁልቁለት ወርዳ ነበር፤ ዛሬ ምርቃቱ እንዲሁ ይፈስሳል፣ ቀሚሱን ዘርግቶ የሚቀበለው ሰው ግን አላይም። የቱ እንደሚሻል እኔ አልፈርድም።

እናቴ ሸምግላ፣ ሁሉ ሞልቶላት፣ በልጅ ልጆቿ ተከብባ ሞተች። በመጨረሻዋ ሳምንት ያ ምላሷ ተያዘ፤ የንስሐ አባቷ መጥተው «የምትነግሪኝ አለ?» ሲሏት እያየቻቸው እንባዋ ይወርድ ነበር እንጂ ቃል አልወጣትም። በቀብሯ ቀን ካህናቱ ተሰብስበው ፍትሐት አደረሱላት። በሕይወቷ ሳለች ከአፏ ያራቀችውን ያን የመፍታት ቃል እነሱ እየደጋገሙ ሲያዜሙላት እኔ አዳምጥ ነበር።

ለተዝካሯ ስንሰናዳ፣ ሴቶቹ ደሳለ ግቢ ውስጥ ሽንኩርት እየከተፉ፣ እኔ የእህል ክፍሉ ውስጥ ብቻዬን ዱቄት እየሰፈርኩ ሳለ፣ እትዬ አስካለ በምርኩዝ ገባች። በጨርቅ የቋጠረችውን ትንሽ ስንዴ ከነጠላዋ ሥር አወጣች።

«እማዋይሽ» አለችኝ፣ «እንግዲህ ቆረጥኩ። የሚያረዳኝ ሰው ባይመጣ ራሴን በራሴ አረዳሁ። ሲሳይ ሞቷል። ተዝካር የማወጣበት ግን ምንም የለኝም። ካህናቱ የናትሽን ስም ሲጠሩ የእሱንም አብረው ይጥሩልኝ፤ እሷም ቢሆን እንደ ልጇ ነበር የምታየው፤ ደስ ይላታል እንጂ አይከፋትም። ይችን ስንዴ ከስንዴዋ ቀላቅይልኝ።»

ቋጠሮውን ተቀበልኳት። ልፈታው ጀምሬ ነበር። ግን ተውኩት። በሩን ዘጋ አደረግሁትና፣ ዱቄት በነካው እጄ ክንዷን ይዤ ጆንያ ላይ አስቀምጬ፣ እኔም መሬት ላይ ተቀምጬ፣ ነገርኳት። ብዙ አላወራሁም፤ የተደረገውን ብቻ፣ ያየሁትን ያህል፣ ሳልጨምር ሳልቀንስ። እናቴን አልከላከልኩም፣ አልከሰስኩምም። ስጨርስ ከደጅ የሴቶቹ ሳቅ ይሰማ ነበር።

እትዬ አስካለ አላለቀሰችም። አልጮኸችም። ቋጠሮውን ከእጄ መልሳ ወሰደችና ጉልበቷ ላይ አኖረችው፤ ረጅም ጊዜ ጨርቁን በጣቷ ስትዳብስ ቆየች።

«እንግዲያ» አለች በመጨረሻ፣ «ይኸን ሁሉ ዘመን የመረቅኳትን፣ ማታ ማታ፣ አዲስ ቃል እየፈለግሁ... እሱን ምን ላድርገው? ደርሷታል፣ በላችው፣ ልጇ ኖረበት፣ የልጅ ልጆቿ ኖሩበት። አሁን ከየት ሰብስቤ ልመልሰው? ይመለሳል እንዴ?»

ከቤተሰቡ መካከል መጽሐፍ የተማርኩት እኔ ነኝና፣ መልስ እንድሰጣት ዓይን ዓይኔን እያየች ጠበቀችኝ።